ሦስት አረንጓዴ መብራቶች

መጋረጃ ሰፊዋ የመሣሪያ መሸጫውን በር ገፍታ ስትገባ ውሃ የሞላ የአንድ ሊትር ጠርሙስ በእጇ ይዛ ነበር። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብሎ አያት።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?»

«ገመድ አልባ ድሪል ነበር የፈለግሁት። ከዚህ የማይከብድ።» ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ቁጭ አደረገችለት።

ባለሱቁ ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ ደግሞ ሊጋብዙኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

ፈገግ አለች። የጠርሙሱ ነገር ቀልድ አልነበረም። ባሏ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ፣ ሳሎን መስኮት ላይ በትከሻ ቁመት የተንጠለጠሉትን አበቦች የማጠጣቱን ሥራ ለእሱ ሰጥታው ነበር። «ሐኪሙ እጁን ያሠራ ስላለ ነው» ብላዋለች፤ እውነትም ሐኪሙ ብሏል። ግን እሷ በየጊዜው ጠርሙሱን ትቀያይርበት ነበር። በትልቁ ሲያጠጣ የታመመው ቀኝ ክንዱ ይርገበገባል፣ ውሃው ግድግዳው ላይ ይፈሳል። በትንሹ ሲያጠጣ ምንም አይሆንም። በአንድ ሊትሩ ጊዜ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ምንም ብሎ ይጨርሳል። ልኩ ይሄ ነው ብላ ያዘች። ባልየው እየተመዘነ መሆኑን አላወቀም፤ ወይም አውቆ እንዳላወቀ ሆኗል።

ሰዎች የባሏን ስም ትተው «ውሃ ልክ» ነበር የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የመጋረጃ ብረት ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይሰቅላል። ሰው ቤት ሲገባ ገና ቁጭ ሳይል ዓይኑን ወደ ጣሪያው ማዕዘን ወርወር አድርጎ «ይሄ ግድግዳ ጠጥቷል እንዴ?» ይላል። የቤቱ ባለቤት ሲሟገተው ውሃ ልኩን ከቦርሳው አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያስደግፍለታል፤ ውስጡ ያለችው አረፋ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ትወግናለች። ስሙም ከዚያ ወጣለት።

ባልና ሚስቱ በሥራ ላይ አንድ ደንብ ነበራቸው። የመጋረጃ እግር የሚሰፋው መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ሌሎች ሰፊዎች ለክተው፣ ቆርጠው፣ ጨርሰው ይልካሉ። ውሃ ልክ ግን «ቤት ይዋሻል። እኔ ሳልሰቅለው እንዳትነኪው» ስለሚላት፣ የታችኛውን ጠርዝ በእስፒል ብቻ ይዛ ትሰጠዋለች። እሱ ይሰቅለዋል፤ ጨርቁ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ክብደቱን ያወርዳል። ከዚያ በኋላ እሷ ሄዳ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ልኩን ትይዛለች። በዚህ የተነሳ ሥራቸው ከሰው ሁሉ ይዘገይ ነበር፤ ግን እነሱ የሠሩት መጋረጃ መሬት ሲጠርግ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሲታይ ያየ ሰው የለም።

አሁን ታዲያ መኝታ ቤታቸው ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ እግሩ በእስፒል ተይዞ የተቀመጠው መጋረጃ የአንድ ልጃቸው ነው። ልጅቷ ባል አግብታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አዲስ ፎቅ ቤት ገብታለች። ጨርቁን እናትና ልጅ አብረው መረጡት። ውሃ ልክ በዚያን ጊዜ ደህና ነበር፤ ጨርቁን በጣቶቹ መሃል እያሸ «የልጄን መጋረጃ ሌላ ሰው ከሰቀለው እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለ። ስትሮኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ መስኮቷን በአልጋ ልብስ ሸፍና አባቷን እየጠበቀች ነው። የውሃ ልክ አሮጌ ድሪል ደግሞ እንኳን ለታመመ ለጤነኛም የሚከብድ ነበር።

ባለሱቁ ሦስት ድሪል ደረደረላት። እሷ ዓይኗን ጨፍና በአንድ እጇ ጠርሙሱን፣ በሌላው ድሪሉን ይዛ እያፈራረቀች መዘነች። የመጀመሪያው ከነባትሪው ክንዷን ወደ ታች ጎተተው።

«እሱ አሥራ ስምንት ቮልት ነው። በሬ ነው፣ ምንም አያቅተውም» አለ ባለሱቁ።

«በሬ የሚጎትት ሰው የለኝም። ቀጣዩ።»

ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ ግን ክብደቱ ሁሉ አፍንጫው ላይ ስለሆነ ወደ ፊት ይደፋል። ሦስተኛው፣ ትንሹ፣ ባትሪው እጀታው ውስጥ የሚገባ ነው። እጇ ላይ ቁጭ አለ። ማስነሻውን በአመልካች ጣቷ ቀስ ብላ ጫን አደረገችው፤ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጎኑ ላይ ሦስት ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች በርተው፣ ጣቷን ስትለቅም ጥቂት ቆይተው ጠፉ።

«መብራቶቹ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ይናገራሉ» አለ ባለሱቁ። «ሦስት ከሆነ ሙሉ ነው፤ አንድ ሲቀር ቻርጅ ያድርጉት። ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ብሎኬት። መስኮቱ አናት ላይ ያለው ግን ኮንክሪት ይሆናል።»

«ብሎኬት እየቀጠቀጠ ይበሳል። ኮንክሪት ላይ ግን ይለምናል እንጂ አያዝም።»

«የሚሠራበት ሰው ኮንክሪቱ የት ጋ እንደሚያልቅ አንኳክቶ ያውቃል። ከፍ አድርጎ ብሎኬቱን ይበሳል።»

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ባትሪ አወጣ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። «ወፍራሙ ብዙ ይቆያል። ቀጭኑ ቶሎ ያልቃል፤ ልንገርዎት፣ በኋላ እንዳይወቅሱኝ።»

ሁለቱንም እየከተተች መዘነች። በወፍራሙ ጊዜ ድሪሉ ከጠርሙሱ በለጠ። «ቀጭኑን ስጠኝ። ቢያልቅ እንሞላዋለን።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ቀጭን ይጨምሩ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሞላል።»

«ለጊዜው አንድ ይበቃናል። አንድ መስኮት ነው ያለን።»

ቤት ስትደርስ ውሃ ልክ ድሪሉን ከካርቶኑ አውጥቶ አገላብጦ አየው። «አንቺዬ፣ ይሄ ድሪል ነው ወይስ የፀጉር ማድረቂያ?»

«ፀጉር የለህ፣ ምን ላደርቅልህ ነው?»

ሳቀ። ከስትሮኩ ወዲህ ሳቁ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው፤ ግን መጣ። ድሪሉን በቀኝ እጁ ጨበጠው፣ ወደ ትከሻው አነሳው፣ ያዘው። አልተንቀጠቀጠም። እሷ የምታጣጥፈውን ጨርቅ አቋርጣ አየችው። ጠርሙሱ ልክ ነበር።

«ባትሪውን ሙልጭ እስኪል እንዳትጨርሰው ብሎኛል» አለችው።

«ማን?»

«ባለሱቁ።»

«ባለሱቁ ስንት ቤት ሰቅሏል? ባትሪ ሙልጭ ሳይል ቻርጅ ላይ ካወጣሽው ይሰንፋል፤ ግማሹን ለምዶ ይቀራል።»

«እሱ የድሮው ባትሪ ነው። ይሄ አዲሱ ሙልጭ ሲል ነው የሚጎዳው።»

«እንግዲህ ባትሪውም እንደ ዘመኑ ሰው አትንኩኝ ባይ ሆኗላ» አለና ድሪሉን ቻርጀሩ አጠገብ አስቀመጠው።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርገው ሁለቱም ይሰሟት ነበር።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው? ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶች ምን እንደምበላ ሳይቀር ያውቃሉ። ትናንት አንዷ ሊፍት ውስጥ ‹ሾርባው ተስማማሽ?› ልትለኝ ምንም አልቀራትም!»

ከኋላ የልጅቷ ባል ድምፅ ተሰማ። «ለጊዜው አንድ ሠራተኛ ጠርተን ብናሰቅለውስ? አባባን ከምናደክማቸው…»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ልጅቷ፤ ስልኩን በእጇ ሸፍና ቢሆንም ተሰማ።

ውሃ ልክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመጣለሁ። አዲስ ድሪል ተገዝቷል። ባትሪው ትንሽ እያስቸገረን ነው እንጂ። እሱ ይስተካከል።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ባትሪው ማስቸገሩን እሷ አልሰማችም ነበር። ሲመሽ ግን ድሪሉን አንስታ ማስነሻውን ጫን ብታደርግ አንዷ መብራት ብቻ ብልጭ ብላ ጠፋች። ጠዋት ሙሉ ነበር፤ ራሷ ናት ከቻርጀሩ ያወጣችው። ሞላችው። በማግሥቱም ከሥራ ስትመለስ ያው ሆኖ አገኘችው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ወይ ይሄ ሰው በድሮው ደንቡ ሆነ ብሎ እያስጨረሰው ነው፣ ወይ ባትሪው ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው ብላ አሰበች። ሁለተኛውን ማመን ቀለላት። ባትሪውን በመሀረብ ጠቅልላ ወደ ባለሱቁ ሄደች።

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ባትሪውን ሞላው፤ ትንሽ መለኪያ አገናኘበት፣ ጠበቀ፣ አየው፣ ደግሞ ለካው።

«እመቤት፣ ይሄ ባትሪ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ለምን ያልቃል? ቁጭ ብሎ እኮ ነው የሚውለው።»

«ቁጭ ብሎ የሚውል ባትሪ ወር ቢቀመጥም እንዲህ አይሆንም። ይሄ ሠርቷል። ደህና አድርጎ ሠርቷል።»

«እኛ ቤት አንድ ቀዳዳ አልተበሳም ስልህ!»

ባለሱቁ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ የባትሪውን ነው የማውቀው፤ የቤትዎን አላውቅም።»

መንገድ ላይ ሳለች ነው የገባት። እግሯ ሳይታወቃት ፈጠነ። ባትሪውን ወደ ቦታው መልሳ፣ በማግሥቱ እንደ ወትሮው ወደምትሠራበት ስፌት ቤት ሄደች፤ ግን ቀኑ ሳይጋመስ ራሴን አሞኛል ብላ ተመለሰች። የግቢውን በር እንደ ሌባ ቀስ ብላ ከፈተችው። ከቤቱ ጀርባ ካለችው የዕቃ ክፍል የድሪሉ ድምፅ ይመጣል።

ያንን ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። ውሃ ልክ ሲበሳ ድምፁ አንድ ትንፋሽ ነበር፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይወፍራል፣ ይገባል፣ ያልቃል። ዓይኗን ጨፍና እንኳ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን እንጨት ትለይ ነበር። አሁን የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። ድንገት ይጮሃል፣ ይንሸራተታል፣ ቀጥ ይላል። ዝምታ። ደግሞ ይጮሃል፣ ይንሸራተታል። ከዚያ ባሏ ለብቻው ሲናገር ሰማችው። «ቀስ በል ብዬህ አልነበር? ቀስ!» ጣቱን ነው የሚቆጣው። እንደ ሰነፍ ተማሪ።

ልትገባ እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው። ወደ ውጭ ወጥታ ቅጥሩን ተደግፋ ቆመች። ድምፁ ጸጥ ካለ ቆየት ብላ በሩን በኃይል አንኳኩታ፣ «ኧረ ማን አለ?» እያለች ገባች። ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ጋዜጣው የቆየ ነው። እጅጌው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ።

«ምነው በጊዜ?» አላት።

«ራሴን አሞኝ።»

«ሻይ ላፍላልሽ?»

«አፍላልኝ» አለችው፤ ብናኙንም እንዳላየች ሆነች።

ፊዚዮቴራፒ በሚሄድበት ቀን ነው ወደ ዕቃ ክፍሉ የገባችው። ከጣውላዎቹ ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀመጠውን ሰፊ ሳንቃ አገኘችው። ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ሳንቃው ላይ በእርሳስ የተሠሩ የመደመር ምልክቶች ነበሩ፣ ረድፍ በረድፍ። ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ለካቻቸው፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ረድፎቹ ቀጥ ያሉ፣ ርቀታቸው እኩል፣ አንዷ ከሌላዋ የፀጉር ያህል እንኳ አታልፍም። ዓይኑ ያው ነው። በግራ እጁ አስምሮ እንኳ ውሃ ልክ ውሃ ልክ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን አንዳቸውም ምልክቱ መሃል ላይ አልነበሩም። ሁሉም ወደ ቀኝና ወደ ታች ሸሽተዋል። አንዳንዱ ቀዳዳ ሳይሆን ጭረት ነው፤ የድሪሉ መብሻ ፑንታ እንጨቱን ቧጥጦ አምልጧል። ጣቱ ማስነሻውን መጫን እንጂ ቀስ ብሎ መጫን አይችልም፤ ወይ ምንም ወይ ሁሉንም። እሷ የመዘነችው ክብደቱን ነበር። ክንዱን እንጂ ጣቱን የሚመዝን ጠርሙስ አልነበራትም።

እየተሻለው ይሆን ብላ ከላይኛው ረድፍ ጀምራ ወደ ታችኛው፣ ወደ አዲሶቹ፣ እያወረደች ለካች። የላይኞቹ የሳቱትን ያህል የታችኞቹም ስተዋል። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ለካች። ከዚያ ሜትሯን ጠቀለለች፤ ሳንቃውን ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ እንደነበረው አድርጋ፣ አስደገፈችው። አላለቀሰችም፤ ሲመጣ ዓይኗን እንዳያይባት።

ከዚያ ወጥታ ሁለተኛ ባትሪ ገዛች። ለምን እንደገዛች ለራሷም በትክክል አልገባትም። ምናልባት እንዲህ ነው ያሰበችው፦ የሚሆነው ይሁን፣ በባትሪ ማነስ ግን አይፈር።

ማታ ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ውሃ ልክ ብዙ ጊዜ አየው፤ በጣቱም ነካ አደረገው።

«ለምን?»

«አንዱ ቢያልቅ አንዱ እንዲኖር ብዬ ነው።»

«አሁን እንግዲህ ሰበብ የለንም ማለት ነው» አለ፤ በግራ ጉንጩ ፈገግ ብሎ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ደውይላት። እሁድ እንመጣለን በያት።»

«በግራህ ሞክረህ ታውቃለህ?» አለችው፤ እንደ ዋዛ።

«ግራዬ ደንቆሮ ናት። ማስመር እንጂ መብሳት አታውቅም።» ከአፉ ያመለጠው ነገር ወዲያው ገባው። እሷም የሰማች አልመሰለችም።

እሁድ ጠዋት ሁለቱንም ባትሪ ሞልታ፣ አንዱን ድሪሉ ውስጥ፣ አንዱን በቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ መጋረጃውን በሻንጣ ይዘው ሄዱ። ባትሪውን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ባሏ ጫማውን እያሰረ ያያት ነበር።

ልጅቷ በሩን የከፈተችው ገና ሳያንኳኩ ነው። አባቷን አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለች። የልጅቷ ባል፣ ደግ ግን እጁ ማረፍ የማይችል ሰው፣ መሰላሉን ቀድሞ አቁሞታል፣ ወለሉን በጋዜጣ ሸፍኗል፣ የቀረ ነገር ፈልጎ ይንጎራደዳል።

ውሃ ልክ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጣሪያው ማዕዘን አየ።

«ጠጥቷል?» አለችው ልጁ።

«ትንሽ ቀምሷል» አላት፤ ሁሉም ሳቁ። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ምንም ያልሆነ መሰለ።

የመስኮቱን አናት በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ኮንክሪቱ የሚያልቅበትን አገኘ። ውሃ ልኩን አስደገፈ፣ በግራ እጁ ምልክቶቹን አደረገ። አማቹ ከኋላ ሆኖ «ኧረ ይገርማል፣ ልክ በማተሚያ ያወጡት ነው የሚመስለው» አለ። እናትየው ምልክቶቹን አይታ ፊቷን አዞረች። ቆንጆዎች ነበሩ።

መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጣ። አማቹ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው በኩል መሰላሉን ያዙ። ውሃ ልክ ድሪሉን አነሳ፤ ክንዱ አልተንቀጠቀጠም። ፑንታውን ምልክቱ መሃል ላይ አሳረፈ። ትንፋሹን ያዘ። እሷም ያዘች።

ድሪሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ፑንታው ቀለሙን ቧጥጦ ወደ ቀኝ ወረደ። ቁራጭ ልስን ጋዜጣው ላይ ወደቀ።

«ምንም አይደል አባባ፣ ይለሰናል» አለ አማቹ።

«መጀመሪያ ሁሌም እንዲህ ነው» አለ ውሃ ልክ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም።

እንደገና አሳረፈ። በዚህኛው ገባ፤ ግን ጠምሞ፣ ወደ ታች፣ ከምልክቱ ጣት ያህል ርቆ። ድሪሉን አወጣው፤ ቀዳዳውን አየው። ፊቱን ከግድግዳው ብዙ ሳያርቅ ቆየ፤ ሲሠራ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ብናኙን እፍ አለበት። ሦስተኛውን ሞከረ፤ ጮኸና አመለጠ። ጣቱን ለቀቀው።

«ባትሪው አለቀ» አለ።

ከሥሩ ሆና ቀና ብላ ስታይ የድሪሉ ጎን ወደ እሷ ዞሯል። ሦስቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው፤ ገና አልጠፉም። እጇን ዘርግታ ድሪሉን ከእጁ ተቀበለችው፣ መዳፏንም መብራቶቹ ላይ አሳረፈች።

«አልቋል» አለች።

«ሌላ ባትሪ የለም እንዴ፣ እማማ?» አለ አማቹ። «በስልክ ‹ሁለት ነው ያለን› ብለዋት ነበር እኮ።»

ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ባትሪው ጎኗን ሲነካት ይሰማታል። ውሃ ልክ መሰላሉ ላይ እንደቆመ፣ ግድግዳውን እንዳየ፣ ዞር አላለም። ማጅራቱ ላይ ላብ አለ።

«ቻርጀሩ ላይ ረስቼው መጣሁ» አለች። «እርጅና ነው።»

«እንግዲያው ይሄንን እዚሁ እንሙላው፣ የስልኬ ቻርጀር…»

«በቃ አልቋል ተባለ እኮ!» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ዝቅ አደረገችው። «እንኳንም አለቀ። ዛሬ እንድታጫውቱኝ እንጂ እንድትሠሩልኝ አልነበረም የፈለግሁት። ና ውረድ አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል።»

እጁን ይዛ አወረደችው። ከዚያ አልጋ ልብሱን አንስታ፣ መሰላሉ ላይ ራሷ ወጥታ፣ ወደነበረበት ሰቀለችው። ከወትሮው ከፍ አድርጋ ነው የሰቀለችው፤ ቀዳዳዎቹ ላይ አልፎ እንዲሸፍን። ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ ጠርዙን ብዙ ጊዜ አስተካከለች፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም። እናትየው ያኔ ልጅቷም መብራቶቹን እንዳየች አወቀች።

ምሳው ላይ ብዙ ተወራ። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ አማቹ ስለ ሥራ ቦታው። ውሃ ልክ በግራ እጁ እየበላ በየቦታው ሳቀ፤ አንድም ጊዜ ወደ መስኮቱ አላየም።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አገኙ። እሷ ሻንጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ወደ መስኮቱ ጎን ልትሸሽገው ስትል ውሃ ልክ በግራ እጁ ማንገቻውን ያዘው።

«አምጪው፣ ልያዝልሽ።»

«ቀላል ነው፣ ተወው።»

«አምጪው ባክሽ።»

ሰጠችው። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አሳረፈ፤ ባትሪው የጉልበቱን አጥንት መትቶ ቁጭ አለ። ሁለቱም ሰሙት። አልከፈተውም። እስከ መውረጃቸው ድረስ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት ተቀመጠ።

ቤት ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ውሃ ልክ ካፖርቱን ሳያወልቅ ድሪሉን አውጥቶ ባትሪውን ፈታው፤ ሥራ ቆይቶ እንደመጣ ሰው ቻርጀሩ ላይ አስገባው። ቻርጀሩ ሲሞላ ቀይ፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ነው የሚያበራው። ቀዩ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ወዲያው አረንጓዴ ሆነ።

ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

«ይሞላል» አለ።

«አዎ» አለች። «ጊዜ ይወስድበታል።»

መኝታ ቤት ገባ። እሷ ልብሱን የሚቀይር መስሏት ወጥ ቤት ቆየች። ስትመለስ እሱ ሻንጣውን ከፍቶ፣ መጋረጃውን በግራ ክንዱ ላይ ደርቦ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። እስፒሎቹ በታችኛው ጠርዝ ላይ ያብለጨልጫሉ።

«እግሩን ስፊው» አላት።

ነገሩ የገባት ጨርቁን ስትቀበለው ነው። ሳይሰቀል ስፊው ማለቱ ነው። ሰፍተሽ ላኪላቸው፣ የሚሰቅል ሰው ይጥሩ ማለቱ ነው። አይሆንም ልትለው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አይታ ተወችው። መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ ክሩን አስገባች። የመጀመሪያውን እስፒል ነቀለች።

«ልኩን በየትኛው ልያዝ?» አለች፤ ወደ ጨርቁ አጎንብሳ። «በስልክ የነገረችኝን ነው ያለኝ።»

ውሃ ልክ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ጨርቁ መሬት ለመሬት እንዳይጎተት ጫፉን በግራ እጁ ያዘላት።

«እሱን ያዢ። በስተግራ በኩል ግን ጣት ያህል አርዝሚው» አለ። «ወለላቸው ወደዚያ ይወርዳል።»